ስለ ባንዳ አረም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከሳይንስ ክበብ አባሎች አንዱ በዚህ በዓል ላይ እንዲናገር በተፈቀደ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል እንድናገር መክረውኝ ነበር። ስለ ጨረቃ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው፣ ከቆላ በኩል ከመጡት እንግዶቻችን የአንዳንዱን የነጠላ ጠርዝና የሱሪ እግር ይዞ፣ ሳይጠራ አብሮ የገባውን እንግዳ ነው።

በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ዘር በእንስሳት ጠጕር ተጣብቆ ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚጓዝ በሚነገርበት ምዕራፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሣለው ተክል በርዶክ ይባላል። በርዶክ የአውሮፓና የእስያ የዱር ተክል ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያም እንደ አረም ተስፋፍቷል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ጃፓኖች ሥሩን ጎቦ ብለው እንደ አትክልት ይመገቡታል። የአበባው ራስ ዙሪያውን በጥቃቅን መንጠቆዎች የተከበበ ስለ ሆነ ያለፈውን ሁሉ ይይዛል። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ የስዊስ አገር መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ከውሻው ጋር ለአደን ወጥቶ ሲመለስ፣ በልብሱና በውሻው ጠጕር ላይ የተጣበቀውን የበርዶክ ፍሬ በማጕያ መነጽር ተመለከተው። በጫማና በቦርሳ ላይ ጨርር እያለ የሚላቀቀውን፣ ቬልክሮ የሚባለውን ማጣበቂያ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በርዶክ የእኛ አገር ተክል አይደለም። ከሶዶ ተነሥታችሁ እስከ አባያ ሐይቅ ዳር ብትሄዱ ልብሳችሁን የሚይዘው ሌላ ነው። ደጋውንና ወይናደጋውን ስታልፉ የሚይዛችሁ ጥቍር መርፌ የመሰለው ጭጎጎት ነው፤ እርሱን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ ብላቴ ወንዝ ዳር ስትወርዱ ግን የሚቀበላችሁ፣ የጣት አንጓ የሚያህል፣ እንደ ትንሽ ጃርት ዙሪያውን በመንጠቆ የታጠረ ፍሬ ያለው አረም ነው። ሳይንስ ዛንቲየም ስትሩማሪየም ይለዋል። በአማርኛ ባንዳ ሲሉት ስለ ሰማሁ እኔም በዚህ ንግግር ባንዳ እለዋለሁ። ባንዳ በጣልያን ወረራ ዘመን ለጠላት ያደረውን ሰው የምንጠራበት ስም መሆኑን ታላላቆቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ ለመጣው ሁሉ ለሚጣበቅ ተክል የተስማማ ስም ይመስለኛል።

የሳይንስ ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ዛንቶስ በግሪክኛ ቢጫ ማለት ነው፤ በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ፍሬው ጠጕርን ቢጫ ለማቅለም እንደሚጠቅም ጽፏል። ስትሩማ ደግሞ በላቲን የአንገት እብጠት ነው፤ ጥንት ለዚህ ሕመም መድኃኒት ነው ይባል ስለ ነበረ ሊኔየስ በ1753 ለዕፀዋት ስም ሲያወጣ ይህን ስም አጸናለት። የድሮ አውሮፓውያን የዕፅ መድኃኒት ጸሐፊዎች ባንዳን ታናሹ በርዶክ እያሉ ይጠሩት ነበር።

ታዲያ ባንዳ የበርዶክ ወንድም ነውን? አይደለም፤ የሩቅ ዘመድ ነው። ሁለቱም ብዙ ጥቃቅን አበባ በአንድ ራስ ላይ ከሚሰበስበው ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፤ የእኛ አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍም በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይቈጠራሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ግን ልዩ ልዩ ነገድ አለ። በርዶክ ከኮሸሽላ መሰሎቹ እሾሃማ ነገድ ሲሆን፣ ከእኛ ዕፀዋት ሱፍና ለጭስ የምንገዛው ቀበርቾ ለእርሱ ይቀርባሉ። ባንዳ ግን ወደ ኑግና ወደ አደይ አበባ ያደላል። ስለዚህ የምንወደው የመስቀል አበባ ለባንዳ ከበርዶክ ይልቅ የቀረበ ዘመድ ነው ማለት ነው። መንጠቆውን ሁለቱም ለየብቻቸው አገኙት እንጂ አንዱ ከሌላው አልወረሰውም። በርዶክ መንጠቆውን ያበቀለው በአበባው ራስ ዙሪያ ባሉት ቅጠል መሰል ቅርፊቶች ጫፍ ላይ ነው፤ ራሱ ሲነካ ይፈረካከሳል፤ ዘሩም ይበተናል። ባንዳ ግን ሴቴ አበባውን በአንድ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ሣጥኑን በመንጠቆ ሸፍኖታል፤ ሣጥኑም ሳይከፈት ይጓዛል።

አሁን ተክሉን ራሱን እንመልከት። ባንዳ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ቁመቱ እንደ መሬቱ ልማት ከአንድ ክንድ በታች ጀምሮ የሰው ደረት እስኪደርስ ያድጋል። አገዳው ሻካራና ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ቅጠሉ ረጅም ዘንግ ያለው፣ ሰፊ፣ ልብ መሰል፣ ጠርዙ የተቈራረጠ ሲሆን፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። አበባው ዓይን አይስብም፤ ንብም አትጐበኘውም፤ ብናኙን የሚያመላልስለት ነፋስ ነውና። በአንድ ተክል ላይ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ወንዴው ከጫፍ ላይ እንደ ትንንሽ ድቡልቡል ኳስ ተሰብስቦ ብናኙን ካወረደ በኋላ ደርቆ ይወድቃል። ሴቴው ከሥሩ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ይቀመጣል፤ የአበባ ቅጠል እንኳ የለውም፤ ከሣጥኑ ጫፍ በሁለት ቀንድ መካከል ብናኝ መቀበያው ብቻ ብቅ ይላል።

በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዘር አለ። ከባንዳ ነገር ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ሁለቱ ዘሮች እኩል አይደሉም። ትልቁ ዘር ዝናብ እንዳገኘ በመጀመሪያው ወራት ይበቅላል፤ ታናሹ ግን ሽፋኑ አየር በቀላሉ ስለማያስገባ ተኝቶ ይቆይና በሚቀጥለው ዓመት ወይም ከዚያም በኋላ ይነሣል። ዊልያም ክሮከር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የዘር ሽፋን እንዴት ብቅለትን እንደሚያዘገይ ሲመረምር በ1906 ካሳተማቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የባንዳ ዘር ነበር። እኔም ከብላቴ ዳር ያመጣሁትን ፍሬ በሳይንስ ክፍላችን ደጃፍ በቆርቆሮ ዘርቼ ውሃ አጠጣሁት። ከአንዱ ፍሬ አንድ ቡቃያ ብቻ ይወጣ ነበር፤ ቡቃያውን ነቅዬ ሣጥኑን በካራ ስሰነጥቀው ሁለተኛው ዘር ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ አገኘሁት። ገበሬው በዚህ ዓመት ማሳውን አጽድቶ ደስ ሲለው፣ ታናሹ ወንድም ከመሬት በታች ሆኖ የሚቀጥለውን በልግ ይጠብቃል። አንድ ዓመት ዝናብ ቀርቶ ትልቁ ዘር በቅሎ ቢደርቅ እንኳ ዘሩ አይጠፋም። አባቶቻችን እህልን በሁለት ጉድጓድ ከፍለው የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት አይደለምን?

ስለ አበባው ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ካርል ሐምነርና ጄምስ ቦነር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1938 ይህንኑ ተክል ይዘው ዕፀዋት ጊዜን እንዴት እንደሚያውቁ መረመሩ። የደረሱበትም ይህ ነው፤ ባንዳ የሚለካው ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን ነው። እነርሱ የመረመሩት የባንዳ ዓይነት ከስምንት ሰዓት ተኩል ያህል የሚበልጥ አንድ ሌሊት ብቻ ቢያገኝ ማበብ ይጀምራል፤ በሌሊቱ መካከል ለጥቂት ጊዜ መብራት ቢበራበት ግን አያብብም። በአሜሪካና በአውሮፓ በበጋ ሌሊቱ አጭር ስለ ሆነ ተክሉ ሌሊቱ እስኪረዝም መጠበቅ አለበት። ወላይታ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እንደዚያ ያለው ዓይነት በእኛ አገር ቢበቅል ሌሊቱ በማናቸውም ወር አይከለክለውም ማለት ነው፤ የሚያግደው የዝናብ ማጣት ብቻ ይሆናል። እኔ በብላቴ ዳር በአንድ ቀን፣ በአንድ መስክ ላይ፣ ቡቃያውንም፣ አበባውንም፣ የደረቀ ፍሬውንም አብረው አይቻለሁ።

ወደ አገሩና ወደ ሥርጭቱ ልለፍ። ስለ መጀመሪያ አገሩ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። ከአሜሪካ አህጉር ወጣ የሚሉት ይበዛሉ፤ ነገር ግን ዲዮስቆሪዶስ ኮሎምቦስ ከመወለዱ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለ ጻፈለት፣ ከባንዳ ዓይነቶች አንዱ ጥንቱንም በአሮጌው ዓለም ነበር የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ ዛሬ ሞቃት በሆነው ዓለም ሁሉ ይገኛል። በአውስትራሊያ ኑጉራ በተባለ የኵዊንስላንድ የከብት እርባታ ስም ይጠራል፤ በዚያ አገር ፍሬው ከበጎች ጠጕር ጋር እየተጠላለፈ የሱፉን ዋጋ ስላወረደው ነፍሳትን አምጥተው ለቀውበት ነበር። ከነፍሳቱ ይልቅ የጐዳው ግን በ1970ዎቹ ማንም ሳይጠራው በአገሩ የታየ የዋግ በሽታ ነው።

በኢትዮጵያ ባንዳ በተለይ በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ በብዛት ይታያል። በወላይታ በእግሬ ያየሁትን ልናገር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ስወርድ፣ በከተማው አካባቢ ያገኘሁት ከከብት ገበያው አጠገብ ጥቂት ብቻ ነው። ወደ ጠበላ ስቀርብ በመንገዱ ዳርና በከብት ማጠጫው ዙሪያ እየበዛ ሄደ፤ ወደ ሐይቁ በወረደው ሜዳና በብላቴ ዳር ግን እንደ ዘሩት እህል ቆሞ አየሁት። በዳሞታ ተራራ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ከዚህ እንደሚታየው ሥርጭቱ ሁለት መንገድ ይከተላል፤ አንዱ የከብት መንገድ፣ ሁለተኛው የውሃ መንገድ ነው። ፍሬው ሣጥኑ ውስጥ አየር ስላለበት በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ብላቴ ሲሞላ ከላይኛው አገር ይዞት ይወርዳል፤ ሲጐድል ደግሞ በለስላሳው ደለል ላይ አስተኝቶት ይሄዳል። ከብቱ በበኩሉ በጭራውና በአንገቱ ሥር ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። በ1960ዎቹ ዋዱ ይባል የነበረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ደገኛውን በአበላ ቆላ ማስፈር ከጀመረ ወዲህ፣ ከብት በደጋና በቆላ መካከል መመላለሱን አላቋረጠም።

አረሙ ጥላ አይወድም። የሚወደው የተጋጠ መሬት፣ የተገለበጠ ደለልና የመንገድ ዳር ነው። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቈተ ኮረብታ ከልቅ ግጦሽ ተከልክሎ፣ ከጉቶው የቀረው ዛፍ ራሱ እንዲያቈጠቍጥ በተደረገበት ስፍራ ሣሩና ዛፉ ምድሩን ሸፍኖታል። እዚያ ውስጥ ለባንዳ የሚሆን ባዶ ቦታ ብዙ የለም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ከብቱ በሚነዳበት መንገድ ላይ ግን ቆሟል። ሰው ሁሉ ዛሬ የሚያማው ፓርቲኒየም የተባለውን ቅንጬ አረም ነው፤ ክሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ባንዳ በሐሜት ያልተነካው የጕዳቱ ዓይነት ስላልታወቀ ይመስለኛል።

ጕዳቱ በመንጠቆው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ባንዳ መርዝ ነው። መርዙም በዘሩና ከመሬት ገና ብቅ ባለው ቡቃያ ውስጥ ነው። ቡቃያው ሲወጣ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ጠባብ፣ ወፍራምና ልስልስ የዘር ቅጠሎች ናቸው፤ እውነተኛው ሻካራ ቅጠል የሚመጣው በኋላ ነው። እነዚያ ሁለቱ ቅጠሎች ከዘሩ የወረሱት ካርቦክሲአትራክቲሎሳይድ የተባለ መርዝ አለባቸው። ስሙ የተገኘው በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ከአንድ የበርዶክ ነገድ እሾህ ነው፤ ሁለቱ ነገዶች በመንጠቆ ብቻ ሳይሆን በመርዝም ተገናኝተዋል ማለት ነው። መርዙ በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ምግብ ወደ ኃይል የሚለወጥበትን ሥራ ያግዳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ጕበት ይጐዳል፤ እንስሳው ይደክማል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ተኝቶ እግሩን ያንፈራግጣል፤ ብዙውን ጊዜም በሰዓቶች ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። በአሳማ ላይ በተደረገው ምርመራ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ ሦስት እጅ የማይበልጥ ቡቃያ ገድሎታል፤ ይኸውም ለሃያ ኪሎ አሳማ ስድስት መቶ ግራም ነው። የተረጋገጠ ማርከሻ የለውም። ቅጠሉ እየሻከረ ሲሄድ መርዙ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከብት አይወደውም። ክፋቱ ይህ ነው፤ ለመብላት በሚጥምበት ወራት ይገድላል፤ በማይገድልበት ወራት አይጥምም።

ባለፈው ዓመት በበልግ መግቢያ ከአጎቴ ጥጆች ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሞቱ። ከጎረቤቶቹ አንዳንዱ አባ ጎርባ ነው አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብሎ የአንዲት አሮጊት ስም ጠራ። እኔ በማግስቱ ጥጆቹ የዋሉበትን የወንዝ ዳር ሄጄ ባየው፣ ውሃው በተመለሰበት ደለል ላይ ሣር ገና አልበቀለም፤ ለምለም ሆኖ የሚታየው ባለ ሁለት ቅጠሉ ቡቃያ ብቻ ሲሆን እርሱም ተግጧል። ሆዳቸው ተከፍቶ ስላልታየ ምዬ አልናገርም። ነገር ግን በዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ ያችን አሮጊት በገበያ ሲያዩአት ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ስለ አረሙ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሰውንም ይገድላል። በባንግላዴሽ ሲልሄት በተባለ አውራጃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የጐርፍና የኑሮ ውድነት ዓመት ነበር። በአንድ መንደር አካባቢ የሚኖሩ ድሆች በውሃ ዳር የበቀለውን የባንዳ ቡቃያ እንደ ጎመን ለቅመው ቀቅለው በሉ። 76 ሰዎች ታመሙ፤ አስታወኩ፤ አእምሯቸውን ሳቱ፤ ከእነርሱም 19 ሞቱ። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ የገባ መስሎ ነበር፤ ሐኪሞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የበሉትን ጠይቀው ነው የደረሱበት። መቀቀል እንዳላዳናቸው ልብ በሉ።

ይህን የሩቅ አገር ወሬ ለምን አመጣኸው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በወላይታ የድንች፣ የቦዬና የበቆሎ ጎተራ በሚያልቅበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወራት፣ እናቶቻችን የዱር ቅጠል እንደሚለቅሙ እናውቃለን። ምድር አረንጓዴ ሆና ሰው የሚራብበት ወራት ነው። ባንዳም በዚያው ወራት፣ በዚያው በወንዝ ዳር፣ ለስላሳና ለምለም ሆኖ ይወጣል። እናት ልጆቿ ሲያለቅሱባት ቅጠሉን መጽሐፍ ከፍታ አትመረምርም። የደጋ ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ የማያውቀውን ቅጠል ከሚያውቀው ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን ለየቤታችሁ እንድትነግሩ እለምናለሁ፤ ቡቃያው ሲነቀል ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ላይ ያ መንጠቆ ያለበት ቡናማ ሣጥን ተጣብቆ አብሮ ይወጣል። ሌላ የምንለቅመው ጎመን እንዲህ ያለ ሣጥን የለውም። ሣጥኑ ከታየ የተለቀመው ሁሉ ይጣል። በቻይና አገር ፍሬው ለአፍንጫ ሕመም መድኃኒት ነው ቢባልም፣ እነርሱ ቈልተውና መጥነው ነው፤ እንዲያም ሆኖ የተመረዙ አሉ።

ስለ ማጥፋቱ በአጭሩ እናገራለሁ። በእጅ መንቀል ይቻላል፤ ሥሩ አይከብድም። መነቀል ያለበት ግን ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳይሆን በፊት ነው፤ ካፈራ በኋላ ነቅሎ በማሳ ዳር መከመር መዝራት ነው። የደረቀው መቃጠል አለበት። ታናሹን ዘር አስታውሳችሁ በሚቀጥለው ዓመትና ከዚያ ወዲያም ወደዚያው ስፍራ ተመለሱ። ከቆላ ገበያ የተገዛ ከብት ወደ ደጋ ግቢ ከመግባቱ በፊት ጭራውና የጆሮው ሥር ይታይ፤ የተለቀመው ፍሬ ወደ እሳት እንጂ ወደ ፍግ ጉድጓድ አይጣል። ውሃ ከተመለሰበት ደለል ላይ የተራበ ጥጃ አይሰማራ፤ ቡቃያው ሻካራውን ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይበቃል።

ያመጣኋቸው ናሙናዎች፣ ይኸውም ባለ ሁለት ቅጠሉ ቡቃያ፣ ያደገው ተክል፣ የተሰነጠቀው ሣጥንና በንጽጽር የቀረበው ጭጎጎት፣ በሳይንስ ክፍል በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ በመስታወት ሥር ተቀምጠዋል። ወላጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ገብተው ሊያዩአቸው ይችላሉ። ከመውጣታችሁ በፊት የልብሳችሁን ጠርዝ ብትመለከቱ፣ ለተገኘው ፍሬ ሁሉ በበሩ አጠገብ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አኑረናል።